እትዬ ትርንጎ ያላዩት ፊት

እትዬ ትርንጎ ያን ዕለት ለምን አልጠየቁኝም? መልሱን እስከዛሬ አላገኘሁትም። የላኩኝ እሳቸው ናቸው። እስክመለስ ድረስ በር በሩን ሲያዩ የዋሉትም እሳቸው ናቸው። ስመለስ ግን ስለ ታክሲው፣ ስለ መንገዱ አቧራ፣ ስለ ምሳዬ ጠየቁኝና ያንን አንዱን ነገር ሳያነሡት ቀሩ። ከዚያም በኋላ አላነሡትም። ሳይጠይቁኝ ሞቱ።

መሞታቸውን የነገሩኝ ጎረቤታቸው እትዬ ዘሃራ ናቸው። ጀሞ በምሠራበት ትምህርት ቤት የመጻሕፍት ክፍል ውስጥ ተማሪዎች የመለሷቸውን መጻሕፍት እየደረደርኩ ሳለ ስልኬ ጠራ።

"ወርቅነሽ፣ ነይ።"

"ምነው እትዬ ዘሃራ?"

"ነይ ብቻ።"

"ነይ ብቻ" ሲባል ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሰው የለም። የያዝኩትን መጽሐፍ ቦታው ላይ አስገብቼ፣ ክፍሉን ቆልፌ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ሳስበው የነበረው ስለ ሞታቸው አልነበረም። አሁን ለማን ነው የምነግረው እያልኩ ነበር።

ላፍቶ ውስጥ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ፣ ብሎኬት የሚያመርቱ ሰዎች አሸዋቸውን የሚከምሩበትን ሜዳ አለፍ እንዳሉ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር አለ። በሩ ላይ በነጭ ቀለም "የሥዕል ቤት። መግቢያ በነጻ" ተብሎ ተጽፏል። ሰፈርተኛው ሙዚየም ይለዋል፤ እትዬ ትርንጎ "ቤቱ" ነበር የሚሉት። የመንገድ ሥራ ሹፌር የነበሩት ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ ያለውን ሰርቪስ ቤት መካከለኛ ግድግዳ አስፈርሰው፣ ሁለቱን ክፍል አንድ አድርገው ሥዕል ሰቀሉበት። ኪዳነ ምሕረት፣ ስቅለት፣ ጊዮርጊስ ከነፈረሱ፣ የእመቤታችን ስደት። ሁሉም በሸራ ላይ፣ በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን አሣሣል የተሳሉ ናቸው። ቤቱ አንድ አምፖልና አንድ ጠባብ መስኮት ነበረው። ደመና በሆነ ቀን ከቅዱሳኑ ሁሉ የሚታየው ዓይናቸው ብቻ ነው።

መጀመሪያ ያስገባኝ ዝናብ ነው። ነጻ የሚባል ነገር ያስጠረጥረኛል። ማታ ትምህርት ቤት ገብቼ ፊደል የቆጠርኩት ሰው ልጁን ትምህርት ቤት በሚያስገባበት ዕድሜ ነው፤ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ እንዲያው በነጻ የመጣልኝ ነገር ትዝ አይለኝም። ስለዚህ ደፉ ላይ ቆሜ ጭቃ የነካውን ጫማዬን አያለሁ።

"ግቢ እንጂ" አለ ከውስጥ አንድ ድምፅ። "ጫማሽንም አታውልቂ። ቤተ ክርስቲያን አይደለም።"

ገባሁ። ጥግ ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው የተቀመጡ፣ ቀጭን፣ አንገታቸው ረዘም ያለ ሴትዮ ናቸው። ስቅለቱ ፊት ቆምኩ። ብዙ ቆየሁ መሰለኝ።

"ልትገዢው ነው?" አሉኝ።

"ኧረ አይደለም። እያየሁ ነው።"

"እንግዲያው ተቀመጪ። ቆመሽ ስታዪ ለመሄድ የተነሣሽ ነው የምትመስዪው።" የተቀመጡበትን ዱካ ለቀቁልኝና እሳቸው ቆሙ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ እሄድ ነበር። እትዬ ትርንጎ ሰው ካልጠየቃቸው ስለ ሥዕሎቹ አንዲት ቃል አይናገሩም። ወደ አንዱ ሥዕል ሲጠጉ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያደርጋሉ፣ ትንፋሻቸው ቀለሙን እንዳይነካው። ዘወትር የሚያደርጉት ነገር ስለሆነ ሳያስቡት አንዳንዴ ሰው ሲያነጋግሩም አፋቸውን ይሸፍናሉ፤ አዲስ ሰው በጥርሳቸው የሚያፍሩ ይመስለዋል። እትዬ ዘሃራ ከበሩ አጠገብ ካለችው ሱቃቸው ብቅ እያሉ ይተርቧቸው ነበር።

"አንቺ ሴትዮ፣ ቢያንስ ለመብራቱ እንኳ አስከፍዪ እንጂ! ሰው በነጻ ያየውን ነገር ያከብራል?"

"ማየት ይሸጣል እንዴ ዘሃራ? ዓይኑን ይዞ የመጣው እሱ ነው፤ እኔ ምን ሰጠሁት?"

አንድ ቀን ከኮንዶሚኒየሙ የመጡ ሁለት ጎረምሶች ገቡ።

"ማዘር፣ ሰልፊ ይቻላል?"

"ምንድነው እሱ?"

"ራሳችንን ከሥዕሉ ጋር ፎቶ ማንሣት ነዋ።"

"እናንተ ከፊት፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከኋላ?"

"አዎ፣ እንደዛ ነገር።"

"ይቻላል። ብቻ ዘንዶውን እንዳትጋርዱት፣ ተደክሞበታል።"

ልጆቹ እየሣቁ አነሡ። ሲወጡ አንዱ መለስ አለና "ማነው የሣለው ግን ማዘር?" አላቸው።

"አባቴ" አሉት።

ለሁሉም የሚሰጡት መልስ ይኸው ነው። አለቃ የሚባሉት አባታቸው በአካባቢው የታወቁ ሠዓሊ እንደነበሩ እውነት ነው። እኔ ግን ነገር ካልገጠመልኝ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነኝ። የስደቱን ሥዕል ደጋግሜ አይቼዋለሁ። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ በአህያ ላይ ተቀምጣለች፣ ዮሴፍ በትሩን ይዞ ይመራል፤ በሌላው እጁ ውኃ ይዟል። ውኃው ያለው ቅል ውስጥ አይደለም፣ አቁማዳም ውስጥ አይደለም። ቢጫ ጀሪካን ውስጥ ነው።

"እትዬ" አልኳቸው አንድ ቅዳሜ ሰው ሲወጣ። "አባትዎ ያረፉት መቼ ነው አሉኝ?"

"ጃንሆይ ከመውረዳቸው በፊት ነው። ምነው?"

"ያኔ ላስቲክ ጀሪካን ነበር እንዴ?"

ወደ ሥዕሉ ዞሩ። ነጠላቸው ወደ አፋቸው ሄደ፤ በዚህ ጊዜ ለትንፋሽ ሳይሆን ሣቅ ለመሸፈን ነው። ሲሥቁ ያየኋቸው ያን ቀንና ሌላ አንድ ሁለት ቀን ብቻ ነው።

"ጉድ! ስንት ቄስ፣ ስንት የተማረ ሰው አይቶ አልፎታል። የፉሪ ሴቶች በአህያ ውኃ ሲጭኑ አይቼ ነው። ዮሴፍ አሳዘነኝ፤ ቅል ተሸክሞ ያን ሁሉ በረሃ እንዴት ይዘልቀዋል ብዬ።"

ሁሉም የእሳቸው ሥራ ነበር። ቤቱ ውስጥ የአባታቸው እጅ የነካው አንድም ሥዕል አልነበረም። ለምን የአባቴ ነው እንደሚሉ ስጠይቃቸው "ለምዶብኝ ነው" ብለው አለፉት። ነገሩን የነገሩኝ ሌላ ጊዜ፣ ክረምት ላይ፣ የቆርቆሮው ጩኸት ድምፃቸውን ሊውጠው ምንም ሲቀረው ነው።

አባታቸው ከፉሪ ወዲያ ላለች አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን የመቅደሷን የውስጥ ግድግዳ ሥዕል እንዲሠሩ ይጠየቃሉ። ሥዕሉ እቤት በሸራ ላይ ተሠርቶ፣ ተጠቅልሎ ተወስዶ ነው ግድግዳው ላይ የሚለጠፈው፤ የዚያን ጊዜ አሠራር እንዲያ ነበር። ሥራውን ከተቀበሉ በኋላ የአለቃ ዓይን እየፈዘዘ መጣ። ወንድ ልጃቸው አክሊሉ እዚያችው ቤተ ክርስቲያን ዲያቆን ነው፤ ድምፅ እንጂ እጅ አልተሰጠውም። ቀለም ስትበጠብጥላቸው ያደገችው ትርንጎ ግን ትችላለች። እሷ እንድትሠራው አደረጉ። ሸራው ሲጨረስ አክሊሉ ተሸክሞ ወሰደው፤ ሥራው የአክሊሉ ነው ተባለ። ሴት የሠራችው መሆኑ ከታወቀ መቅደስ አይገባም ብለው ፈሩ አባትየው። ይህ እውነት ሕግ ይሁን የእሳቸው ፍርሃት ብቻ፣ ኋላ ላይ የሚያውቁ ሰዎችን ጠይቄአለሁ፤ እንዲህ ያለ ሕግ አናውቅም ነው ያሉኝ። ያን ጊዜ ግን የጠየቀ አልነበረም።

ሴት መቅደስ ስለማትገባ እትዬ ትርንጎ ሥዕላቸውን ከዚያ ቀን በኋላ አላዩትም።

"ብሥራቱ ነው" አሉኝ። "ገብርኤል ሲያበሥራት። እሷ ሐርና ወርቅ እየፈተለች ነው። እጇን አስታውሰዋለሁ፤ የእናቴን እጅ ነበር የሰጠኋት። የእንዝርቱን አዟዟር፣ የክሩን ቀለም አስታውሳለሁ። ፊቷ ጠፋኝ።"

"እንዴት?"

"እኔ እንጃ። ወጣት ነበርኩ። ፊቷን የሣልኩ ቀን እጄ ራሱ ነው የሄደው። ሲያልቅ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ እንደዛ ያለ ነገር ዳግም አልሠራሁም። በጠዋት ጠቅልለው ወሰዱት። እንግዲህ ይኸን ሁሉ ዓመት ስሞክረው የሌላ ሰው ፊት ነው የሚወጣው።"

ከኪዳነ ምሕረት ቀጥሎ ግድግዳው ላይ ምንም ያልተሰቀለበት ሰፊ ቦታ ነበር። እርጥበት ስላለው መስሎኝ ነበር። የብሥራቱ ቦታ ነው ለካ። ያቺን ሥዕል ሠርተው እዚያ ሳይሰቅሉ መሞት አልፈለጉም። ሌላው ሥዕል ሁሉ ለእሳቸው ወደዚያች መድረሻ መንገድ ነበር።

እግራቸው ማበጥ የጀመረው በዓመቱ ነው። ከአልጋ ወደ ዱካ፣ ከዱካ ወደ አልጋ ሆኑ። በዚያው ሰሞን ቤተ ክርስቲያኒቱ ፈርሳ በአዲስ ሕንፃ ልትሠራ እንደሆነ፣ ከመቅደስም ዕቃ እየወጣ እንደሆነ ሰሙ። ቅዳሜ ስደርስ እጄን ያዙኝ። እጅ የሚይዙ ሰው አልነበሩም።

"ያወጡታል። ደጅ ላይ ያወጡታል ወርቅነሽ። እኔ መሄድ አልችልም። አንቺ ጀሪካኑን ያየሽ ሰው ነሽ። ሂጂና ፊቷን እዪልኝ።"

"ፎቶ አነሣለሁ እትዬ።"

"ከፈቀዱልሽ። ካልፈቀዱልሽ በአፍሽ ንገሪኝ። ዓይኗ ወዴት እንደሚያይ፣ ከንፈሯ፣ ቅንድቧ። አንቺ እየነገርሽኝ እሥለዋለሁ። ፊት ደግሞ የሚሣለው እህል ሳይቀመስ ነው፣ አባቴ እንዲያ ነው ያስተማረኝ። ሳልበላ እጠብቅሻለሁ።"

ማክሰኞ ከሥራ አስፈቅጄ ሄድኩ። ከፉሪ በኋላ ታክሲ ስላልነበረ ባጃጅ ያዝኩ፤ መጨረሻውን በእግሬ ጨረስኩት። ቀኑ ደመና ነበር። ከቤተ ክርስቲያኒቱ ጀርባ ሰሌን ተነጥፎ፣ ከመቅደስ የወጣው ሸራ ሁሉ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ጀርባው ላይ የግድግዳው ጭቃ ከነጭዱ ተጣብቆበታል። የሚያስተናብሩት አዛውንት ቄስ ስልኬን ሲያዩ "እሱን አስገቢው ልጄ" አሉኝ። እያስረዳሁ ለመንኳቸው፤ አንድ የሥዕል ቤት እንዳለ፣ እዚያ ቢቀመጥ ስንት ሰው እንደሚያየው ነገርኳቸው። የማን ሥራ እንደሆነ ግን አልነገርኩም። ያን እንድናገር እትዬ ትርንጎ አልላኩኝም።

"ሜሮን የነካው ነው" አሉኝ ቄሱ፤ ቁጣ አልነበረባቸውም። "አይሸጥም፣ አይሰጥም። ደህናውን አስቀምጠናል። ይኸኛው ምስጥም እርጥበትም የበላው ነው። ተቃጥሎ አመዱ ሰው በማይረግጥበት ይቀበራል። ማየት ከሆነ የፈለግሽው፣ እዪው።"

ዲያቆናቱ ዘረጉት።

ገብርኤል ክንፉ ከጠበቅሁት በላይ ቀይ ነው። እመቤታችን ተቀምጣለች። እጆቿን አየሁ፤ የሠራ ሰው እጅ ነው፣ አውራ ጣቷ ትንሽ ተጣምሟል፣ ክሩ በመካከሉ ያልፋል። እንዝርቱ የሚዞር ይመስላል። ቀሚሷ፣ ወንበሩ፣ ከበላዩ የተሣለው መጋረጃ፣ ሁሉም አለ። ፊቷ የለም። ፊቷ ባለበት ክብ ላይ ቀለሙም፣ ከሥሩ የተቀባው ነጭም ጠፍቶ የሸራው ክር ነው የሚታየው። ውኃ የነካው አይመስልም። ምስጥም አይደለም፤ ዳር ዳሩ ደህና ነው። እንደ አሮጌ የበር እጀታ ለስልሷል። ገብርኤል ጎንበስ ብሎ ያንን ባዶ ክብ ያያል።

"ምን ነክቶት ነው?" አልኩ።

ቄሱ ጎንበስ ብለው አዩት። "ከንፈር ነው ይኼ" አሉ። "ቁመቱ ሰው የሚደርስበት ላይ ነበር። ስንት ዘመን ተስሟል።"

እሳቱ ሲቀጣጠል ራቅ ብዬ ቆምኩ። ስመለስ በመንገድ ሁሉ ምን ብዬ እንደምነግራቸው እያሰብኩ ነበር። ውሸት አልችልበትም፤ ብችልም እሳቸው ቅንድቧን ሲጠይቁኝ ምን እላለሁ? የሌለን ቅንድብ ከየት አመጣለሁ? እውነቱን ለመናገር ወስኜ ነበር። ፊቷ የለም፣ ግን ተስሞ ነው ያለቀው፣ ይኼ ደግሞ ከክፉው ሁሉ የተሻለው ነው ልላቸው ነበር። ላፍቶ እስክደርስ ቃላቱን ስደረድር ነበር።

እትዬ ትርንጎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰዋል፣ ፀጉራቸውን በሻሽ አስረዋል። ሸራው በእንጨት ተወጥሮ፣ ነጭ ተቀብቶ ደርቆ ቆሟል። ብሩሾቹ ታጥበው በየመጠናቸው ተደርድረዋል። ቀለሙን እትዬ ዘሃራ ናቸው ሲበጠብጡላቸው የዋሉት፤ ጣታቸው ሰማያዊ ሆኖ ነበር።

በሩ ላይ ቆምኩ። አዩኝ። ነጠላዬን እንኳ አላወረድኩም።

"ታክሲ አገኘሽ?" አሉኝ።

"እስከ ፉሪ አገኘሁ።"

"አቧራው እንዴት ነው?"

"ደህና ነው።"

"ምሳ በልተሻል?"

"አልበላሁም።"

አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈን አድርገው መልሰው ገለጡት። "ዘሃራ" አሉ ከዚያ፣ "ያን ሽሮ አሙቂውና እንብላ።"

እትዬ ዘሃራ እኔን አዩኝ። እኔ መሬቱን አየሁ። ሽሮው መጣ፣ በላን። እሳቸው ከእኛ በላይ በሉ፤ እንደ ሰው ሁሉ ጎርሰው፣ አጉርሰውኝ፣ እጃቸውን ታጠቡ። ስለ ሥዕሉ አንዲት ቃል አልተናገሩም። በሚቀጥለው ቅዳሜም፣ ከዚያ በኋላም። ሁለት ሦስት ጊዜ እኔው ልጀምር ብዬ "እትዬ፣ ያን ዕለት..." ስል "መስኮቱን ክፈቺልኝ እስቲ" ይሉኛል፤ የተከፈተ መስኮት። ከፊቴ አንብበውት ነው? ነጠላዬ ጭስ ይሸት ነበር? ወይስ ፊቷን በዓይናቸው ካላዩት፣ ከሰው አፍ መስማቱን ጠሉት? አላውቅም። ነጩ ሸራ እንደቆመ ቀረ፤ አቧራ ጠጣ።

ለቅሶው ላይ ድንኳን ውስጥ አንድ ሰውዬ ከጎኔ ላለው ሲናገር ሰማሁ። "የሠዓሊ ዘር ናቸው እኮ። ያ ወንድማቸው ቄስ አክሊሉ በወጣትነቱ ምን የመሰለ ብሥራት ሣለ መሰለህ።" ቄስ አክሊሉ ፊት ለፊታችን ተቀምጠዋል፤ ነጠላቸው ዓይናቸው ድረስ ወርዷል። መስማታቸውን አላወቅሁም። እኔም የሰውዬውን ወሬ አላረምኩም፤ ሰው የሞተበት ቤት የእርማት ቦታ አይደለም።

የሥዕል ቤቱ ቁልፍ እኔ ጋ ነበር። ከአርባቸው በኋላ ቁልፉን ይዤ ፉሪ፣ ቄስ አክሊሉ ከልጃቸው ጋር ወደሚኖሩበት ቤት ሄድኩ። በረንዳ ላይ ቁጭ ብለዋል። እግራቸውና ዓይናቸው ስለደከመ ማገልገል ከተዉ ቆይተዋል። መስቀላቸውን ተሳለምኩ። ቁልፉን ስሰጣቸው ሳይቀበሉኝ አዩኝ።

"ያኔ የሄድሽው አንቺ ነሽ አሉ። ዘሃራ ነገረችኝ።"

"አዎ፣ አባቴ።"

"ሲያወጡት አየሽው?"

"አየሁት።"

ልጃቸው ሻይ አስቀምጣ እስክትገባ ጠበቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ፊቷ ነበረ?" አሉኝ።

እንዴት ነበር አላሉም። ነበረ ወይ ነው ያሉት። ያን ጊዜ ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳቸው። እጆቿን፣ የተጣመመውን አውራ ጣት፣ እንዝርቱን፣ ገብርኤልን፣ ክር ብቻ የቀረበትን ክብ፣ አዛውንቱ ቄስ ከንፈር ነው ማለታቸውን፣ እሳቱን። ሳልጨምርና ሳላስቀር ነገርኳቸው። ለእትዬ ትርንጎ ያዘጋጀሁትን፣ ተስሞ ማለቁ ከክፉው ሁሉ ይሻላል የሚለውን ቃል ግን ልናገረው ስል ፊታቸውን አይቼ ተውኩት።

ሻዩን ከፊታቸው ገፋ አደረጉት።

"ቀሳውስቱ የመቅደሱን መጋረጃ ነበር የሚሳለሙት" አሉ ኋላ። "ሁሉም መጋረጃውን ነው። ፊቷን የምስመው እኔ ነበርኩ፣ እኔ ብቻ።"

ያልተቀበሉኝን ቁልፍ ሻዩ አጠገብ አስቀመጥኩት።

"አክሊሉ የሣለው ሲሉኝ ዝም እል ነበር። መጀመሪያ አባቴን ፈርቼ። አባቴ ከሞተ በኋላ ደግሞ ቆየ፤ ሲቆይ አይነገርም። ለሰው መናገር ቢያቅተኝ ገብቼ፣ ይቅር በዪኝ ትርንጎ እያልኩ ፊቷን እስም ነበር። በየቅዳሴው። ጨለማ ነው፣ ጧፍ ነው ያለው። እየጠፋች መሆኑን አላየሁም።" ትንፋሽ ወሰዱ። "ለእሷ ነግረሻታል?"

"አልጠየቁኝም።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን አንሥተው ከንፈራቸውን በእጃቸው ጀርባ ቀስ አድርገው ጠረጉ፤ እጃቸውንም ወደ ብርሃኑ አዙረው፣ የደከመ ዓይናቸውን አጥብበው፣ ቀለም ነክቶት እንደሆነ ለማየት ይመስል፣ ለረጅም ጊዜ አዩት።